ታች ድረስ የሚወርድ መብራት

ወይዘሮ ዙፋን በስተርጅና ሴት የሚያድርበት ቤት ከፈተች አሉ። ወሬው ከወረታ መገንጠያ ሲነሣ አንዲት ልጅ ብቻ ነበረችበት። ሐሙሲት ሲደርስ ልጆቹ ሦስት ሆኑ። ሩዙን ወፍጮ ቤት አራግፎ በሚመለስ ጋሪ ተሳፍሮ ቁሐር ሚካኤል ሲገባ ደግሞ ሰባት ሞልተው፣ አንዷ የሱዳን ቆንጆ ሆና ተገኘች። ጣራ ገዳም ሱባኤ የገቡ ሴቶች እንኳ ጸሎታቸውን አቋርጠው «የትኛዋ ዙፋን? ያቺ ዓሣ ጠባሿ?» ብለው ጠየቁ ይባላል።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ እውነቱ አንድ ነው፤ በመስኮቷ ሰማያዊ መብራት ይታያል።

የቀረው ውሸት ነው። እዚያ ቤት ልጃገረድ ቀርቶ ድመት አልነበረም። የነበረው ቁመቱ የሰው ደረት የሚደርስ የመስተዋት ሣጥን ነው። ሣጥኑ ውስጥ ጨው ውሃ፣ ጨው ውሃው ውስጥ ሁለት የማይረቡ ዓሦች፣ ከሁሉም ሥር ደግሞ አንድ ድንጋይ። ሰባቱም ሴቶች ያ ድንጋይ ነበሩ።

ድንጋይ መባሉም ወረታ ሌላ ስም ስላጣለት ነው እንጂ ፈረንጅ ኮራል የሚለው ነፍስ ያለው ነገር ነው። ቀይ ባሕር ውስጥ ይበቅላል። ብርሃን ይበላል። ሲመቸው ጥቃቅን ጣቶቹን ይዘረጋል፣ ሲከፋው ይሰበስባል። ዙፋንም እንደዚያው ነበረች፤ ልዩነቱ እሷ ጣቷን የምትዘረጋው ሰው ለመስደብ ብቻ መሆኑ ነው።

ዙፋን የፎገራ ገበሬ ልጅ ናት። በልጅነቷ የምታውቀው ውሃ ርብ ወንዝ ሞልቶ የሰው ከብት ሲወስድ ያየችው ጭቃ ውሃ ነበር። በኋላ አማረ የሚባል ሰው አግብታ አሰብ ወረደች። አማረ ወደቡ ላይ ጠላቂ ነበር፤ የመርከብ ሆድ ሥር እየገባ የተሰነጠቀ የተላጠውን አይቶ ይወጣል። ማታ ቤቱ ሲገባ ራሱን ሳያደርቅ ወሬውን ይጀምራል።

«ዙፋኔ፣ ታች እኮ ቀይ የሚባል ነገር የለም። ቀይ ጨርቅ ይዘሽ ብትወርጂ ጥቁር ሆኖ ታገኚዋለሽ። መጀመሪያ የሚሞተው ቀዩ ነው። ሥር ድረስ የሚዘልቀው ሰማያዊው ብቻ ነው።»

«ታዲያ ከሰማያዊው ጋር እደር፤ እራትህን ለምን እኔን ትጠይቃለህ?» ትለዋለች። ያኔ ስድቧ ገና ጨዋታ ነበር።

በሰማንያ ሦስት መንግሥት ተለወጠ፤ አሰብ የነበረው ሰውም በበረሃው ወጣ። ሁለቱ አንድ ፍራሽና አንድ ድስት ይዘው ወረታ ገቡ። ባሕር ያልደፈረውን አማረን የፎገራ ትንኝ በአንድ ክረምት ጨረሰችው። ዙፋን ቀብራው ስትመለስ ስድቧ ጨዋታ መሆኑ ቀረ። መገንጠያው ላይ ዓሣ ቤት ከፈተች። ዓሣዋ ጣፋጭ ነበር፤ ሰው የሚበላው ግን አቀርቅሮ ነው። «ጨው አነሰው» ያለ አንድ አስተማሪ «እንባህን ጨምርበት» ተብሎ ከዚያ ወዲህ ደሴት ላይ እንዳለ መነኩሴ ቆሎ ሲቆረጥም ታየ።

ሃያ ዓመት አለፈ። ከዕለታት አንድ ቀን የአሰብ ጎረቤቷ ልጅ የኋላሸት፣ በጅቡቲ መስመር ተሳቢ የሚነዳው፣ ቻይና ባስተካከለው በአዲሱ አስፋልት ወርዶ ዓሣዋን በላና፣

«እትዬ ዙፋን፣ ከጅቡቲ ምን ላምጣልዎት?» አላት።

«ባሕር።»

ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ሳቁን ዋጠና ሄደ፤ በሌላ ጊዜ ሲመለስ ጨው ውሃ የሞሉ ጀሪካኖች ደርድሮ፣ ድንጋዩንና ሦስት ዓሦችን በባልዲ ይዞ መጣ።

ሣጥኑን የሠራው ባሕር ዳር ያለ መስተዋት ቆራጭ ነው። «ክንድ የሚያህል ጥልቀት ይበቃል» ቢላት «ክንድ የሚያህል ባሕር የት አይተሃል? የከብት መጠጫ አላዘዝኩህም» ብላ ጥልቅ አስደረገችው። ጣጣዋ ሁሉ የጀመረው እዚህ ላይ ነው። ውሃ በጠለቀ ቁጥር ብርሃን ይደክማል፤ ድንጋዩ ደግሞ ብርሃን ካልበላ ይሞታል። ይህን ዙፋን ከማንም በፊት ታውቀው ነበር፤ ባሏ ሲደጋግምላት ኖሯል። ቢሆንም ድንጋዩን ከሥር አስቀመጠችውና መብራት ሠሪ አስጠራች።

መብራት ሠሪው ማናዬ ነው። ማናዬ ስለ ኤሌክትሪክ የማያውቀው ነገር የለም፣ ሲጠየቅ። ሲሠራ ግን አንዳንድ የማያውቀው ይገኛል። መጀመሪያ ያመጣው እንደ ጥብጣብ የሚዘረጋ ነጭ ኤልኢዲ ነበር። በሣጥኑ አፍ ዙሪያ ለጥፎ አበራና እጁን እያሻሸ፣

«እትዬ ዙፋን፣ ይኸ እኮ ሩዝ ይለቀምበታል!» አለ።

«ሩዝ ልለቅም ነው ያልኩህ?»

«ብርሃኑን ይዩት እንጂ!»

«እኔ አየሁት። እሱ ግን አላየውም» አለች፣ ጣቷን ወደ ሥር ዘርግታ።

እውነቷን ነበር። የሣጥኑ ላይ ሠርግ ቤት፣ ታቹ እስር ቤት ሆኖ ነበር። ድንጋዩ ጣቶቹን ሰብስቦ እንደ ተቆጣ ሰው ኩርምት አለ።

ማናዬ ብርሃን አነሰ መሰለውና ከወፍጮ ቤት ግቢ ፓውዛ ፈቶ አመጣ፤ ያን ሲነኩት እጅ የሚልጠውን የድሮውን ዓይነት። ፓውዛው ሥር ድረስ ደረሰ። ውሃውንም አብሮ አሞቀው። ሳምንት ሳይሞላ መስተዋቱን አረንጓዴ ንፍጥ ሸፈነው፤ ውሃው የክረምት ሩዝ ማሳ መሰለ። ያኔ ዓሦቹ ሦስት ነበሩ፤ አንዷ ተገልብጣ ተንሳፈፈች። ጥግ ላይ ምሳውን ሲጠብቅ የነበረ ደንበኛ ወደ ሬሳዋ እያየ «ያቺን ጥበሺልኝ፣ ደርሳለች» አለ። ምሳውን ሳይበላ ወጣ። ማናዬም ፓውዛውን ታቅፎ ከኋላው ተከተለ።

በማግስቱ ግን ተመለሰ። ፊቱን እንዳይነጩት እንደሚፈራ ሰው በር ላይ ቆሞ፣

«አሰብኩበት» አለ። «ከሥሩ ጡብ ደርድረን ድንጋዩን ከፍ ብናደርገው ያ ነጩ መብራት ይበቃዋል። እሱም ይድናል፣ እርስዎም ያርፋሉ።»

ጥሩ ምክር ነበር። ዙፋንን ያበገናትም ጥሩ መሆኑ ነው።

«እኔ መብራቱ ታች ይውረድ ነው ያልኩህ። ባሕሩ ወደ ላይ ይምጣልኝ አልኩህ? የኔ ሰው ታች ነው ያየው። ታች ይሆናል!»

«ምኑን ነው ያዩት?»

«ሂድ ወዲያ!»

ድንጋዩ እየነጣ ሄደ። ዙፋን ምግብ እያቀረበች፣ ሰው እየሰደበች፣ በመሀል እየሄደች በመስተዋቱ ታየዋለች። አንድ ጠርዙ አጥንት መስሏል። አማረ በዚያ ክረምት ፍራሽ ላይ ሲነጣ እንዲሁ ከዳር ነበር የጀመረው። ይህን ለማንም አልተናገረችም። የዚያን ሳምንት ግን ስድቧ ከወትሮው ከፍቶ ነበር።

የኋላሸት በሚቀጥለው ጉዞው ሁለት መብራት አመጣላት። ጅቡቲ ለፈረንጆች የባሕር ዓሣ ከሚሸጥ ሰው ነው የገዛው። ኤልኢዲ ነው፤ ግን በእያንዳንዷ ፍሬ ላይ ትንሽ የመስተዋት ዓይን ተገጥሞላታል። ያ ዓይን ብርሃኑን እንደ ዝናብ አይበትነውም፤ ሰብስቦ እንደ ጦር ወደ ሥር ይወረውረዋል።

«ሰውዬው ምን አለኝ መሰለዎት» አለ የኋላሸት። «‹ጥልቅ ለሆነ ውሃ ምን ያህል ያበራል ብለህ አትጠይቅ፤ ምን ያህል ይወርዳል ብለህ ጠይቅ› አለኝ። መጀመሪያ በትንሹ ነው የሚበራው፤ ቀስ እያሉ ይጨምሩለታል። በአንዴ ከለቀቁበት ያቃጥለዋል።»

ማናዬ ሊሰቅል ተጠርቶ አንዱን መብራት ሶኬት ላይ ሰክቶ አየው። ፊቱ ሰማያዊ ሆነ።

«ይኸ እኮ ሰማያዊ ነው!»

«ዓይንህ ደኅና ነው ለካ።»

«እትዬ ዙፋን፣ መንገድ ዳር ነው ያሉት። ሰማያዊ መብራት… ሰው ምን ይላል?»

ለማያውቅ ሰው፣ በመኪና መንገድ ላይ ባሉ ከተሞች አምፖል ይናገራል። ነጭ ከሆነ ምግብ አለ ማለት ነው። ቀይ ወይም ሌላ ቀለም ከሆነ መጠጥ አለ፣ ሴትም አለ። ታፔላ ላይ የሚጽፈው የለም። ሾፌሩ ከሩቅ አይቶ ፍሬን ይይዛል፣ ቄሱ ከሩቅ አይተው ማዶ ይሻገራሉ። ዙፋንም ይህን አሳምራ ታውቃለች። ከመንገዱ ማዶ ያለችው ጸሐይነሽ ከአረቄ ጓዳዋ በላይ ቀይ አምፖል አንጠልጥላ «ለጌጥ ነው» ስትል ስንት ዘመን ሰምታለች።

«ስቀለው!» አለችው። «ሰው ከፈለገ እሱም አብሮ ይሰቀል።»

ተሰቀለ። ማናዬ ቀስ እያለ ጨመረለት። ድንጋዩ መጀመሪያ ዝም አለ። ከዚያ አንድ ጠዋት ዙፋን ገበታ ልታሰናዳ ስትገባ ጣቶቹን ሁሉ ዘርግቶ፣ በሰማያዊው ውስጥ አረንጓዴ ፍም መስሎ ጠበቃት። በርጩማ ስባ ቁጭ አለች። ደንበኛ ገብቶ «እንደምን አደራችሁ» ቢል አልሰማችም። ሳይሰደብ መቀመጡ አስደንግጦት ያ ደንበኛ ወጥቶ ሄደ።

ያን ዕለት ወደ ማታ ግን አንድ የማታውቀው ሾፌር መኪናውን አቁሞ፣ ኮሌታውን አስተካክሎ ገባ።

«ልጆቹ የታሉ?»

«የትኞቹ ልጆች?»

«እንግዲህ እማማ…» ብሎ በዓይኑ መብራቱን ጠቀሰላት።

ዙፋን ክንዱን ያዘችና መስተዋቱ ፊት አቆመችው። «እነዚህ ናቸው። ምረጥ!»

ሰውየው ጎንበስ ብሎ አየ። «ዓሣ ነው እንዴ?» ከማለቱ የዓሣ እጣቢ ከራሱ እስከ እግሩ ወረደበት። እየጮኸ ሲወጣ ጸሐይነሽ ከደጇ ሆና አየች። የጎረቤቷ መስኮት ሰማያዊ፣ ወንድ ረጥቦ ሲሮጥ። ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋለች? ወሬው በዚያችው ማታ አንዲት ልጅ ይዞ ተነሣ።

ጸሐይነሽ ባላንጣ ብቻ ብትሆን ዙፋን ትችላት ነበር። ጸሐይነሽ ግን የሚካኤል ማኅበር ሙሴም፣ ማለትም አለቃም ናት። ዙፋን ከአሰብ በመጣችበት ዓመት ባሏን የቀበረላት፣ ያለቀሰላት ያ ማኅበር ነው። ዘመድ የላት፣ ልጅ የላት፤ ስትሞት ከቤቷ ተሸክሞ የሚያወጣት እሱ ነው። ማኅበርተኛው በየወሩ በተራ ይደግሳል። ተረኛ የሚሆነው ሰው ጽዋውን ቀድሞ ተቀብሎ ቤቱ ወስዶ ያስቀምጣል። የኅዳር ሚካኤል ተራው የዙፋን ነበር። ጽዋው ጥቅምት ላይ ገብቶ ጓዳዋ ተቀምጧል።

ጸሐይነሽ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ ጥላ በሩ ላይ ቆመች። አልገባችም።

«ማኅበሩ ልኮኝ ነው።»

«ማኅበሩ ሌላ ሰው አጣ?»

«ሰማያዊው ጨርሶ ይውረድ፤ አለዚያ ጽዋውን መልሺ ተብሏል። ሚካኤል እንዲህ ያለ ቤት አይገባም።»

«ገብቶ ወር ሊሞላው ነው፤ እስካሁን አላማረረም። ይልቅ አንቺ ቤት ከርሞ ሲመጣ ነው አረቄ አረቄ የሸተተኝ።»

«ዙፋን፣ ሰው አጥተሽ እንዳትቀሪ!»

«ጽዋውን የፈለገ ራሱ መጥቶ ይውሰድ። ሁላችሁም ኑ። ተሸካሚ አልልክም።»

«አናፍርም፣ እንመጣለን!»

«ማፈሩንማ የት ታውቂውና!»

ዙፋን ጸሐይነሽ መንገድ እስክትሻገር ጠበቀችና ወደ ጓዳ ገባች። ጠላውን ጠመቀች፤ ዳቦውን ደፋች፤ ወጡን ሠራች፤ አንድ ሰው ሳይቀር እንደሚመጣ አድርጋ ደገሰች። ሊመጡባትም ነበር። የሚካኤልን ጽዋ ክፉ ቤት ነው ባሉት ቤት ትተው ማደር አይችሉም። ሊወስዱት ደግሞ መግባት አለባቸው። ገብተው ድግሱን ካዩ የማኅበሩ ቄስ ሳይባርኩ አይወጡም። ይህን ሁሉ አስልታ ጽዋውን ከጓዳ አውጥታ ከሣጥኑ አጠገብ፣ ሰማያዊው የሚያርፍበት ጠረጴዛ ላይ አኖረችው።

በኅዳር ሚካኤል ማኅበርተኛው ከቅዳሴ ወጥቶ በሩ ላይ ተሰበሰበ። ማንም ቀድሞ አይገባም። አንዱ ሌላውን በክርን ይገፋል። በመጨረሻ ቄስ ኃይለ ሚካኤል መቋሚያቸውን አስቀድመው ገቡ፤ ሌላው ተከትሏቸው ጎረፈ። ማናዬም ነበረ። ሕዝቅኤልም ነበረ፤ ከሌላ ዞን ተመድቦ የመጣ ካድሬ ነው፣ ማኅበር የገባው ለሚካኤል ይሁን ለወሬ ሚካኤል ራሱ ያውቃል።

ሰው በጓዳ፣ በመጋረጃ ኋላ፣ በጠረጴዛ ሥር ሳይቀር በዓይኑ ሴት ፈለገ። ሴት የለም። አንዳንዱ ቅር ሲለው ፊቱ ላይ ታየ።

ቄሱ ግን መስተዋቱ ፊት ቆመው ቀሩ።

«ይኸ ምንድን ነው ልጄ?»

«ባሕር ነው አባ።»

«የት ባሕር?»

«የኛ የነበረው።»

ሕዝቅኤል ጉሮሮውን ጠረገ።

ቄሱ ጎንበስ ብለው ድንጋዩን ረዥም ጊዜ አዩት። ቀና ሲሉ ድምፃቸው ለስልሶ ነበር። «ክፉ ነገር እንደሌለበት አይቻለሁ። ሕዝቡ ግን ተሰናክሏል። ሰው የሚሰናከልበትን ነገር ማንሣት ጽድቅ ነው። ነጭ አድርጊውና ገበታውን እንባርክ።»

«ነጩ ታች አይወርድም።»

«ታች ምን አለ?»

«እሱ።»

«ሰማችሁ?» አለች ጸሐይነሽ ከኋላ። «‹እሱ› ትለዋለች! ለድንጋይ ስትሰግድ ነው የከረመች!»

«ለአረቄ በርሜል ከመስገድ ይሻላል!»

ቤቱ ተንጫጫ። ማናዬ እጁን አወጣ። «አባቴ፣ መላ አለው። ጡብ ደርድረን ድንጋዩን ከፍ ካደረግነው ነጩ ይበቃዋል። ከዚህ በፊትም ነግሬአቸው ነበር።»

የሰው ሁሉ ፊት ፈካ። ወጡ ይሸታል፣ ጠላው ተቀድቷል፣ ቅዳሴ ያስራበው ሆድ ይጮኻል። ቄሱም «ይኸማ መልካም ነው!» አሉ። «አየሽ ልጄ? ድንጋይሽም ይኖራል፣ ማኅበርሽም ይኖራል። በይ እሺ በይ።»

ዙፋን ወደ ሣጥኑ ዞረች። የሰው እግር ወለሉን ሲያናውጠው ድንጋዩ ጣቶቹን ሰብስቦ ነበር። የነጣው ጠርዝ ላይ ግን ትንሽ አረንጓዴ ተመልሶበታል። ከሥር ሆኖ፣ ማንም ከፍ ሳያደርገው።

«አልልም» አለች።

«እንግዲያው ምርጫው ያንቺ ነው» አሉ ቄሱ። የተቆጡ አይመስሉም፤ የደከሙ ይመስላሉ። «ወይ መብራቱን፣ ወይ ማኅበሩን።»

ዙፋን ወደ ማብሪያ ማጥፊያው ሄደች። አንዱ እሺ ያለች መስሎት ወንበር ሳበ። እሷ ግን ማብሪያውን አልፋ ጽዋውን ከጠረጴዛው አነሣች፣ ሳመችው፣ ወስዳም የጸሐይነሽ እቅፍ ውስጥ አኖረችው።

«እንኪ ተሸከሚ። ቀይሽ ሥር አስቀምጪው።»

ጸሐይነሽ ጽዋውን ታቅፋ ወዲህ ወዲያ አለች። ዙፋን ከማኅበሩ ስትወጣ ለማየት ሃያ ዓመት ተመኝታ፣ ነገሩ እጇ ሲገባ ምን እንደምታደርገው የጠፋት መሰለች። ከማኅበርተኛው ውስጥ የአማረን ሬሳ ተሸክመው የነበሩ ሁለት ሽማግሌዎች ወለል ወለሉን አዩ። ወጡ መሀል ላይ ይቀዘቅዛል። ዙፋን መስተዋቱን ተደግፋ ቆማለች፤ ፊቷ ግማሹ ሰማያዊ፣ ግማሹ የፎገራ ገበሬ ልጅ ነው።

ሕዝቅኤል ነገር የሚያበርድ ሰው መስሎ ፈገግ አለ። «ኧረ እማማ ዙፋን፣ ለአንድ ሣጥን ውሃ ብለው ከአገር ሰው ይለያሉ?»

ዙፋን አየችው። ሌላውንም ተራ በተራ አየችው።

«ያን የሚያህል ባሕር በጠራራ ፀሐይ ሲሰጥ ያፏጨ እንኳ አልነበረም» አለች። «ለኔ ሣጥን ነው አገር የተሰበሰበው?»